ተጠርጣሪ በፖሊስ እጅ ሲሞት የሚወጣውን መግለጫ እንዴት እንመርምር?

በሽብር ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ሳለ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ የአሟሟቱን ሁኔታ በመጀመሪያ የሚነግረን አብዛኛውን ጊዜ ሟቹን ይዞ የነበረው አካል ራሱ ነው። መግለጫው ሐሰት ነው ብሎ መነሣት ተገቢ አይደለም፤ ሳይመረምሩ መቀበልም እንዲሁ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ዘመን መዝገቦች ምርመራው ምን መምሰል እንዳለበት በግልጽ ያሳያሉ።

በቅድሚያ የመጀመሪያውን መግለጫ ቃል በቃል፣ ከወጣበት ቀን ጋር መዝግበው ያስቀምጡ። የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ ስቲቭ ቢኮ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው የሽብርተኝነት ሕግ መሠረት ኦገስት 18 ቀን 1977 ተይዞ ሴፕቴምበር 12 ቀን ፕሪቶሪያ ውስጥ ሲሞት፣ የፍትሕና የፖሊስ ሚኒስትሩ ጂሚ ክሩገር በመጀመሪያ ያነሡት የረኀብ አድማን ነበር። የአስከሬን ምርመራው የአንጎል ጉዳት ካሳየ በኋላ ግን ፖሊሶቹ ግብግብ ተፈጥሮ ጭንቅላቱ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ ወደሚል ቃል ተሸጋገሩ። የመጀመሪያው ቃል በእጅ ባይኖር ኖሮ ይህ ለውጥ ባልታየ ነበር።

ከዚያ የሰዓታቱን ቅደም ተከተል ይሥሩ፦ መቼ ተያዘ፣ ማን መረመረው፣ ሐኪም መቼ አየው፣ ወዴትስ ተወሰደ? ቢኮ ጭንቅላቱ ከተጎዳ በኋላ ከፖርት ኤልዛቤት ወደ ፕሪቶሪያ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ራቁቱን በላንድሮቨር ተጭኖ ተጓዘ። የሐኪም ፊርማም ብቻውን አያሳምንዎት። ቢኮን ካዩት ሐኪሞች አንዱ ምንም የጤና መታወክ አላገኘሁበትም የሚል ማስረጃ ጽፎለት ነበር፤ ሁለቱ ሐኪሞች በሙያ ምክር ቤታቸው ጥፋተኛ የተባሉት ግን በ1985 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የአስከሬን ምርመራው ነው። ቤተሰቡ የመረጠው ሐኪም ተገኝቶ ነበርን? ፎቶግራፍ ተነሥቷልን? እያንዳንዱ ቁስልስ መቼ የደረሰ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የአሕመድ ቲሞልን ጉዳይ ገልብጦታል። መምህሩ ቲሞል ኦክቶበር 27 ቀን 1971 ጆሃንስበርግ በሚገኘው የጆን ፎርስተር አደባባይ ፖሊስ ጣቢያ ከ10ኛ ፎቅ ወደቀ፤ በ1972 የተካሄደው የሞት ምክንያት ማጣሪያም ራሱን ገደለ ብሎ ደመደመ። ቤተሰቡ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በመሟገቱ ጉዳዩ በ2017 እንደገና ሲከፈት፣ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ከመውደቁ በፊት የደረሱ ጉዳቶች እንደነበሩ መሰከሩ፤ ዳኛ ቢሊ ሞትሌም ቲሞል ተገፍቶ እንደተጣለ ወሰኑ። ስለዚህ ቤተሰብ የሆነ ሰው አስከሬኑ በችኮላ እንዳይቀበር ይጠይቅ፤ የምርመራውን ውጤት ቅጂ ይያዝ፤ ፍርድ ቤት መዝገቡን ቢዘጋም ሰነዶቹን አይጣል።

ሟቹ የተጠረጠረበት ወንጀል ከባድ ነውና ምን አገባን የሚል ሐሳብ እንዳይጋርድዎት ይጠንቀቁ። በእርግጥ ጥቃት ፈጽሞ ከነበረ፣ በመሞቱ እውነቱን በችሎት የመስማት መብታቸውን የሚያጡት የጥቃቱ ሰለባዎች ጭምር ናቸው።

በመቀጠል ሕጉ ተጠርጣሪውን ከውጭው ዓለም ምን ያህል እንደለየው ያጣሩ። የደቡብ አፍሪካው ሕግ ላልተወሰነ ጊዜ ያለ ጠበቃና ያለ ጠያቂ ማሰርን ይፈቅድ ነበር። በእኛ አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ያዝዛል፤ እነዚህ መከበር አለመከበራቸው ሰውየው ከመሞቱ በፊትም ሊጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻም መርማሪው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ፖሊስ ራሱን መርምሮ የሚያወጣው ውጤት እውነት ቢሆን እንኳ የሕዝብን አመኔታ ማግኘት ይከብደዋል። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ፣ በፖሊስ እጅ ሰው ሲሞት የጣቢያው አዛዥ ለገለልተኛው የፖሊስ መርማሪ ዳይሬክቶሬት ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና በ24 ሰዓታት ውስጥ የጽሑፍ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በእርስዎ አካባቢም ከፖሊስ ውጭ የሆነ አካል ጉዳዩን ተረክቦ እንደሆነ፣ ተረክቦም ከሆነ በስንተኛው ሰዓት እንደተነገረው በጽሑፍ ይጠይቁ።