ለጡረታ ዘመንዎ አገር ቤት ቤት ሲገዙ፦ የሻጩን መልስ በሰነድ መመዘን

ቀሪ ዕድሜያቸውን አገር ቤት ለማሳለፍ አፓርታማ ወይም ቪላ የሚፈልጉ ወገኖች የመጀመሪያውን መረጃ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ከሻጩ ድርጅት ነው፤ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በሚኖሩበት ከተማ በሚዘጋጅ የሽያጭ ዝግጅት ላይ። አረንጓዴ ግቢ፣ የሃያ አራት ሰዓት ጥበቃ፣ በቅርብ የሚገኝ ክሊኒክ፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው የሚመች ጸጥ ያለ መንደር ይታያቸዋል። ይህ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የሽያጭ ሠራተኞች በአብዛኛው ዓይን ያወጣ ውሸት አይናገሩም፤ ችግሩ የሚመልሱት ከጥያቄው ውስጥ ድርጅቱን ተጠያቂ የማያደርገውን ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገዢው የአንድን መልስ እውነተኛነት መመዘን ያለበት በተናጋሪው ትሕትና ወይም በምስሉ ውበት ሳይሆን፣ ድርጅቱ ያንኑ መልስ በውሉ ላይ ለማስፈር ወይም በሰነድ ለማሳየት ፈቃደኛ በመሆኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ቤቱ መቼ ይጠናቀቃል የሚለው ነው። ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል።

«ቤቱን መቼ ነው የምታስረክቡኝ፣ ልጄ?»

«በአሥራ ስምንት ወር እንጨርሳለን ብለን እናስባለን፣ እናቴ። ሥራው በጣም እየተፋጠነ ነው።»

«አሥራ ስምንቱ ወር የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ውሉ ላይስ የትኛው አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል?»

«እሱን የሕግ ክፍላችን ያስረዳዎታል።»

እዚህ ንግግር ውስጥ ሐሰት የለም፤ የተገባ ግዴታም የለም። ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ሠራተኛው ወደ ሕግ ክፍል ካስተላለፈው ጥያቄ ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ነው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከገባበት ነው ወይስ የግንባታ ፈቃዱ ከተገኘበት? ድርጅቱ ቢዘገይ በየወሩ የሚከፍለው ቅጣት ስንት ነው፣ ገዢው አንድ ክፍያ ቢያዘገይስ የሚቀጣው ስንት ነው? ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ከሆኑ ውሉ ለማን ተብሎ እንደተጻፈ ግልጽ ይሆናል። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለው አንቀጽ የሲሚንቶና የብረት እጥረትን፣ የውጭ ምንዛሪ እጦትንና የመብራት መቋረጥን ሁሉ የሚያቅፍ ከሆነ፣ የማስረከቢያው ቀን ከተስፋ ያለፈ ዋጋ የለውም፤ እነዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ የተለመዱ እንጂ ያልታሰቡ እንቅፋቶች አይደሉምና። ከውጭ ለሚገዛ ሰው ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ራሱ ያሳስታል፤ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያው ላይ ያለው ዓመት በአማርኛው ውል ላይ በእኛ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀንና ወር ሳይቀር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ይህን ያህል በዚህ ጥያቄ ላይ የምቆየው በምክንያት ነው። ቤቱን ለማከራየት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው የሦስት ዓመት መዘግየት የሚያስከትልበት የገንዘብ ጉዳት ነው። ለስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ግን ያ ጊዜ በገዛ ቤቱ በጤና ሊኖርበት ከሚችለው ዘመን ላይ የሚቀነስ ነው፤ በቅጣት የሚካስም አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገዢው የሚያገኘው የቤቱን ባለቤትነትና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው፤ በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የተሰጠ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። «ካርታ አለን» የሚለው መልስ እውነት ሆኖም ሙሉ ላይሆን ይችላል። ካርታው በማን ስም ነው? በድርጅቱ ስም ነው ወይስ ድርጅቱ አብሮ ለማልማት በተዋዋለው የቦታው ባለይዞታ ስም? የሊዙ ክፍያ ተጠናቋል ወይስ ቀሪ ዕዳ አለበት? ቦታው ለባንክ ብድር በመያዣነት ተይዟል? የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ወለል የተሰጠ ነው፤ እርስዎ የሚገዙት ወለልስ በውስጡ አለ? እነዚህን ከሻጩ አንደበት መስማት በቂ አይደለም። የካርታውን፣ የሊዝ ውሉንና የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ይዞታው ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑንም የቤቱን ዋጋ ከሚያገኘው ወገን ምንም የማያገኝ ጠበቃ ቀጥረው ከሚመለከተው የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ያስጣሩ። ለጠበቃው የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ካሬ ሜትር ከመተላለፊያው፣ ከደረጃውና ከአሳንሰሩ የሚደርስዎትን ድርሻ የጨመረ ሊሆን ስለሚችል፣ ከበርዎ ወደ ውስጥ ያለው የተጣራ ስፋት በውሉ ላይ ለብቻው እንዲጻፍ ያድርጉ። ፊኒሺንጉ ምን ምን እንደሚያካትትም እንዲሁ፤ የኩሽና ካቢኔትና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ሳይቀር።

በዕድሜ ለገፋ ሰው ይመቻል የሚባልበት ምክንያት ሁሉ ለብቻው መመርመር አለበት። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ በጀኔሬተር ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ከግቢው አበባ ሁሉ ይበልጣል። «ጀኔሬተር አለው» የሚለው መልስ ለአሳንሰሩና ለውኃ ፓምፑ ነው ወይስ ለመተላለፊያው መብራት ብቻ የሚለውን አይመልስም። ነዳጁን ማን ይገዛል? ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው፣ ማን ይወስነዋል፣ በምን ያህል ሊጨምር ይችላል? በቋሚ የጡረታ ገቢ ለሚኖር ሰው ይህ ክፍያ ከቤቱ ዋጋ ያልተናነሰ ነገር ነው። የጋራ ሕንጻ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድሩበትን ሥርዓት ስለሚደነግግ፣ ሕንጻው በዚህ አዋጅ መሠረት ይመዘገባል ወይስ ድርጅቱ ራሱ ሲያስተዳድረው ይኖራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ክሊኒኩም ቢሆን ሥራ የጀመረ ነው ወይስ በዕቅድ ላይ ያለ ብለው ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሐኪሙን ቢያማክርና ጥቂት ወራት ተከራይቶ ኖሮ ቢያየው ይበጀዋል። ከአሜሪካ የሚመለሱ ደግሞ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ከአገሪቱ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው እንደማይከፍል ማወቅ አለባቸው፤ ይህን የትኛውም ቤት ሻጭ አይነግራቸውም፤ የመንገርም ግዴታ የለበትም።

ዋጋው በብር ነው ወይስ በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ የሚከፈል? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በፍጥነት ስለ ወረደ፣ በዶላር የተያዘና በብር የተያዘ ቀሪ ክፍያ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ሆነዋል። «ዋጋው አይጨምርም» የተባለ ሰው የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዳለ ይፈልግ፤ ካለም ጣሪያ ይበጅለት።

ቤቱን ያስተዋወቀዎት ሰው ማን እንደሆነም ያስቡ። በውጭ አገር ብዙ ሽያጭ የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በእድር በምናውቃቸው ሰዎች በኩል ነው፤ ከመካከላቸውም ኮሚሽን የሚከፈላቸው አሉ። ኮሚሽን መቀበል ነውር አይደለም፤ መደበቁ ግን ነውር ነው። «ከዚህ ሽያጭ የምታገኘው ነገር አለ?» ብሎ በጨዋ ደንብ መጠየቅ ወዳጅነትን አያፈርስም።

አገር ቤት በስምዎ የሚፈርም ዘመድ ካለ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወኪሉ እንዲገዛና ሰነድ እንዲረከብ ብቻ ሥልጣን ይስጡት እንጂ መሸጥና ማስያዝ የሚሉትን ቃላት በልማድ አያስገቡ። ዜግነት የቀየሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጣቸውን መብት የሚያስከብሩት ቢጫ ካርድ በሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስለሆነ ካርዱ ከውሉ በፊት በእጃቸው ይኑር።

ውሉን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊትም እንዲደረግ ያዛል። በድርጅቱ ቢሮ ብቻ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ክርክር ውስጥ መግባት አደጋ አለው፤ በስልክ የተነገረ ተስፋ ይዞ መግባትማ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ጥያቄዎችዎን ቁጥር ሰጥተው በኢሜይል ይላኩና መልሱን በዚያው መንገድ ይጠይቁ፤ መልሶቹ የውሉ አባሪ ይሁኑ። ክፍያውን በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ ያስተላልፉ፤ ደረሰኙንና የምንዛሪ ማስረጃውን ያኑሩ። ቅድሚያ ክፍያ አስቀድመው የፈጸሙ ሰዎችም ይህን ከማድረግ አይዘግዩ፤ ቀጣዩ ክፍያ እስኪደርስ ድረስ ድርጅቱ መልስ የሚሰጥበት ምክንያት አለው፤ የመጨረሻው ክፍያ ከገባ በኋላ ግን ያ ምክንያት አይኖርም።