ሴት ተማሪዎችን በጣሪያ ውሃ ወደ ምህንድስና መሳብ፦ እንዴት እንደሚሠራ

ገጠር ውስጥ ውሃ የምትቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ስለዚህ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሴቶችን «ምህንድስና ጥሩ ሙያ ነው» ብሎ ከመስበክ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ እጅ መታጠቢያ ውሃ የጠፋው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። ችግሩን ከመምህሩ በላይ ያውቁታል።

ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በአሸንዳ ወደ ሮቶ (የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ) አስገብተው ለእጅ መታጠቢያው ውሃ እንዲያጠራቅሙ 5 ወይም 6 ተማሪ ይበቃል። ቡድኑ ወንዶችም ካሉበት ሜትሩና መጋዙ እነሱ እጅ ይገባል፣ ሴቶቹ ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ። ሥራውን በዕጣ መድቡ፤ በየሳምንቱም አዙሩት።

መጀመሪያ ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ይለካ። 1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 8 በ5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 400 ሊትር ያገኛል፤ የሚባክነው ሲቀነስ 320 ግድም። ስሌቱን እናንተ አትሥሩላቸው።

አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ሮቶው ያዘቅዝቅ። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ግልጽ ጎማ ውሃ ሞልተው ሁለቱን ጫፎች ግድግዳው ላይ ይያዙ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ላይ ዝቅታውን መለካት ነው። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኩ ይዋሻል። መሰላል ላይ የሚወጣው ግን አናጢው ነው።

የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ለዚህ ጣሪያ 20 ሊትር ያህሉ መጣል አለበት። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በሜትር ከ8 ሊትር ትንሽ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ከሮቶው በፊት 2 ሜትር ተኩል ቱቦ በቲ ማገናኛ (ሦስት አፍ ባለው) ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይውረድ። ጫፉ በሚከፈት ክዳን ይዘጋ፤ ክዳኑ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳ። ቱቦው በቆሻሻው ውሃ ሲሞላ ተከታዩ ውሃ ወደ ሮቶው ያልፋል፤ ቱቦው ደግሞ በቀዳዳዋ ቀስ እያለ ለቀጣዩ ዝናብ ይጎድላል። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህች ቀዳዳ ላይ ነው፦ በቅጠል ከተደፈነች ቱቦው እንደሞላ ይቀራል፣ የቀጣዩ ዝናብ ቆሻሻም በቀጥታ ሮቶው ውስጥ ይገባል።

ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 1 ቶን ነው። ጭቃ ላይ የተደረደረ ብሎኬት ክረምት ላይ ይሰምጣል፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ይጠይቃል። «ለመጠጥ አይሆንም» ተብሎም ይጻፍበት።

ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ክዳኑን ራሳቸው ይክፈቱት። ቱቦው ሳይጎድል ካደረ፣ ቀዳዳዋን ማስፋት ወይስ አሸንዳው አፍ ላይ ወንፊት ማድረግ እንደሚሻል እነሱው ይከራከሩበት።