የስኳር ሕመም ክትትልን ከሪፈራል ሆስፒታል ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ እንዴት ማዛወር ይቻላል

የስኳር ሕመም ክትትል በአገራችን ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ሥራ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። በገጠር የሚኖር ሕመምተኛ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ሌሊት ተነስቶ፣ ግማሹን መንገድ በእግር ግማሹን በመኪና ተጉዞ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፤ ሐኪም ፊት የሚቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። በጎንደርና በጅማ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከ2000 ዓ.ም አስቀድመው በዙሪያቸው በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠልጥነው ክትትሉን ወደ ሕመምተኛው ቀዬ ማቅረብ ጀመሩ፤ ዛሬ በሌሎች አካባቢዎችም ይህን አገልግሎት የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎች አሉ። እኔም የእናቴን ክትትል በዚሁ መንገድ አዛውሬያለሁ፤ ነገር ግን አንዱን ደረጃ በቸልታ በማለፌ ልትጎዳብኝ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው የሚዛወረውን ሕመምተኛም የሚቀበለውን ባለሙያም ይመለከታል።

በመጀመሪያ፣ መዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ

ስኳራቸው የተረጋጋ፣ መድኃኒታቸው በየቀጠሮው የማይቀያየር ሕመምተኞች ለጤና ጣቢያ ክትትል ተስማሚ ናቸው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የእግር ቁስል ያለበት፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም በቅርቡ ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ተኝቶ የታከመ ሰው ግን ለጊዜው ሆስፒታል ቢቆይ ይሻላል።

ቀጥሎ፣ ጤና ጣቢያውን ሄደው ይዩ

ሕመምተኛውን ከማመላለስ በፊት ብቻዎን ሄደው የክትትሉን ክፍል ይጠይቁ። ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የሚከታተለው ባለሙያ ማን ነው? በየትኛው ቀን ያያል? የሚወስዱት የኢንሱሊን ዓይነት በመድኃኒት ቤቱ ዘወትር ይገኛል ወይስ አልፎ አልፎ? መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በምን ይሠራል? የስኳር መለኪያው ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭን ወረቀት) አለ? ክፍሉ ሰፊና የተዋበ መሆኑ ሊያታልልዎ አይገባም፤ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ያልተቋረጠ የመድኃኒት አቅርቦት ነው።

የመሸኛ ወረቀቱ፦ በጣም ሊጠነቀቁበት የሚገባው ደረጃ

በእናቴ መሸኛ ላይ የተጻፈው «ኢንሱሊን 20/10» የሚል ብቻ ነበር። ሐኪሙ ያሰበው ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ የሚሠራ የኢንሱሊን ዓይነት) ሲሆን፣ እኔም ሆንኩ እናቴ የመድኃኒቱን ስም ለይተን አናውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት በጤና ጣቢያው የነበረው 70/30 የሚባለው ድብልቅ ስለነበር እርሱ ተሰጠን። ኤንፒኤችና 70/30 ሁለቱም እንደ ወተት የደፈረሱ ናቸውና መልካቸውን በማየት አይለዩም። ልዩነታቸው በውስጣቸው ነው፤ በድብልቁ ውስጥ ከመቶ ሠላሳው እጅ ፈጥኖ የሚሠራው ሬጉላር ኢንሱሊን ነው። ስለዚህ እናቴ ጠዋት 20 ዩኒት ስትወጋ 6ቱ ዩኒት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሥራ የሚጀምርና ከተወጋ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በኋላ የሚበረታ መድኃኒት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተወግታ፣ እንደ ልማዷ ቡና ብቻ ቀምሳ ቁርሱን ለኋላ አቆይታ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ሄደች። 4 ሰዓት ሲሆን ጠርተውኝ ስደርስ ነጠላዋ በላብ ርሷል፤ ስኒው በእጇ ይንቀጠቀጣል፤ እኔንም በአጎቴ ስም ጠራችኝ። ስኳሯን ስለካ 46 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ነበር። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጬ አጠጣኋት፣ 15 ደቂቃ ጠብቄ እንደገና ለካሁ፤ 82 ሲል እንጀራ በወጥ አበላኋት። የብልቃጡን ጽሑፍ ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው። ከሆስፒታሉ ስንወጣ መሸኛውን አንብቤ የመድኃኒቱን ስም አስሞልቼ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ወረቀቱን ራስዎ ያንብቡ፤ የጎደለውንም በአክብሮት ያስሞሉ። የኢንሱሊኑ ሙሉ ስም ይጻፍ። የጠዋቱና የማታው መጠን በየራሱ መስመር ይቀመጥ፤ «ዩኒት» የሚለው ቃልም ሳያጥር ይጻፍ፤ ምክንያቱም በላቲን ፊደል የሚቀመጠው ምህጻረ ቃል በችኮላ ሲጻፍ ዜሮ ስለሚመስል 10 ዩኒት 100 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ከምግብ በፊት በስንት ደቂቃ እንደሚወጋ ይገለጽ። ሌሎቹም መድኃኒቶች፣ ማለትም ሜትፎርሚን (የሚዋጥ የስኳር መድኃኒት)፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች፣ ከነመጠናቸው ይስፈሩ። የመጨረሻው የጾም ስኳር፣ የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ፣ የኩላሊትና የሽንት ምርመራ ውጤት ከነቀኑ ይመዝገብ። ዓይን መቼ እንደታየ፣ እግር ላይ የስሜት መቀነስ መኖር አለመኖሩ፣ ስኳሩ ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ይጻፍ።

የብልቃጡና የመርፌው ጥንካሬ መመሳሰልም በዚሁ ደረጃ ይረጋገጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ኢንሱሊን የሚቀዳው ለ100 ዩኒት በተሠራ መርፌ ነው። ለ40 ዩኒት የተሠራ መርፌ ቢያጋጥምና 20 የሚለው መስመር ድረስ ቢቀዳ፣ የሚገባው መድኃኒት 20 ሳይሆን 50 ዩኒት ይሆናል፤ ይህም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ተቀባይ ለሆኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አንድ ልመና አለኝ። ሕመምተኛው ሲጠቀምበት የነበረውን ባዶ ብልቃጥና መርፌ ይዞ እንዲመጣ ይንገሩት፤ በመጀመሪያው ቀንም መጠኑን በፊትዎ ራሱ እንዲቀዳ ያድርጉ። በቃል «20 ነው የምወስደው» የሚል ሰው ሲቀዳ ሌላ ቁጥር ላይ ሊያቆም ይችላል። የኢንሱሊኑን ዓይነት መቀየር ግድ ከሆነም ምክንያቱንና የምግብ ሰዓቱን ማስረዳት ለነገ የሚተው ሥራ አይደለም።

የጤና መድህንና የመድኃኒቱ ጉዞ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ደብተሩ ለዓመቱ መታደሱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ስለሆነ፣ ከዚያ ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል።

ኢንሱሊኑን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይክተቱት፤ በእጅ ቦርሳ ይያዙት። በረዶ ካለው ዕቃ ጋር አነካክቶ መያዝም ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው መካከሉን በአሸዋ ይሙሉና አሸዋውን ጠዋትና ማታ ያርጥቡ። ብልቃጡን በንጹሕ ፕላስቲክ ጠቅልለው በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ያኑሩ፤ ማሰሮውም ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ይህ በበጋ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥብ በሚሆንበት በክረምት ግን ኃይሉ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ወር

ብልቃጡ ሲከፈት ቀኑን በላዩ ይጻፉ። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 30 ዩኒት ለሚወስድ ሰው 33 ቀን የሚበቃ ቢመስልም፣ ከተከፈተ 4 ሳምንት ሲሞላው ቢተርፍም መቀየር አለበት። ስለዚህ የሁለት ወር ቀጠሮ ሲሰጥዎ፣ ሁለት ብልቃጥ ለ56 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል፣ ሦስት ብልቃጥ መያዝዎን ያረጋግጡ።

የስኳር መለኪያ የሚገዙ ከሆነ በመሣሪያው ዋጋ አይመሩ፤ ስትሪፑ እርስዎ ባሉበት ከተማ የሚሸጥለትን ይምረጡ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ መሣሪያ ስትሪፑ ከአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ስለነበር ከሁለት ወር በኋላ ያለ ሥራ ተቀመጠ። ለመመዝገቢያም ከስልክ ይልቅ ተራ ደብተር እመርጣለሁ፤ ባለሙያው ገልጦ የወሩን ውጤት በአንድ ዓይን ያያል። በመጀመሪያው ወር ጠዋት ከምግብ በፊትና ማታ ከመወጋት በፊት ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ከላይ እንዳልኩት ስኳር በጥብጠው ያጠጡ። ራሱን የሳተን ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አይጨምሩበት፤ በጎኑ አስተኝተው ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ያስፈልገዋል።

ወደ ሆስፒታል የሚመለሱበት ጊዜ

ክትትሉ ተዛወረ ማለት ከሆስፒታሉ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ ማለት አይደለም። የዓይን ውስጥ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚለካው ምርመራም ጤና ጣቢያው ከሌለው በዚያው ጉዞ ይሠራል። ማስታወክ ከከባድ ጥማትና ከፈጣን ትንፋሽ ጋር ሲመጣ፣ እንዲሁም እግር ላይ ቁስል ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያው ዘንድ ቀርበው ሪፈር ያጽፉ። ሆስፒታሉ የሚሰጠውን መልስ ደግሞ በሁለት ቅጂ ይቀበሉ፤ አንዱን ለጤና ጣቢያው ያስረክቡ፣ ሌላውን ከደብተሩ ጋር አጥፈው ያስቀምጡ።