ሊሻንን ከእግሩ እስከ ራሱ በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ወደ ቻይናዋ ሺአን የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣደፈው የሸክላ ወታደሮቹን ለማየት ነው። ወታደሮቹን ያሠራው የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ሁዋንግ የተቀበረው በሊሻን ተራራ ሰሜናዊ ግርጌ ነው፤ ተራራው ራሱ ግን በችኮላ ይታለፋል። እኔ ብጠየቅ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት እላለሁ። ቁመቱ 1,302 ሜትር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ፈረስ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል።

1. በጠዋት ይነሡ። የሺአን ዘጠነኛው የሜትሮ መስመር ተራራው ወዳለበት ወረዳ ወደ ሊንቶንግ ያደርስዎታል፤ ሁዋቺንግቺ ጣቢያ ይውረዱ። ፓስፖርትዎንና ለደረጃ የሚሆን ጫማ አይርሱ።

2. ከውሃው ይጀምሩ። ብዙ ሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ ተራራውን ወደሚወጣው ኬብል ካር በቀጥታ ይሮጣል፤ ስሕተት ነው፤ የተራራው ወሬ የሚጀምረው ከታች፣ 43 ዲግሪ ገደማ ከሚሞቀው ፍል ውሃ ነውና። አገሬው እንደሚያወራው ቺን ሺ ሁዋንግ እዚህ ያገኛትን ሴት አምላክ ያልተገባ ነገር ቢናገራት ፊቱ ላይ እንትፍ አለችበት፤ ወዲያው ፊቱ በቁስል ተወረረ። ቢለማመጣት ጊዜ በፍል ውሃው አጥባ ፈወሰችው።

ከተረቱ ወደ ታሪኩ ሲያልፉ እ.ኤ.አ. በ747 ሁዋቺንግ የሚል ስም የተሰጠውን ቤተ መንግሥት ያገኛሉ። የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ ከውዱ ከያንግ ጉዌፌይ ጋር የብርዱን ወራት የሚያሳልፍበት ነበር። የመታጠቢያዎቹ ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ1982 ተገኝቷል። የእርሷ ገንዳ የአበባ ቅርጽ አለው፤ ውሃ ባይኖርበትም ጠጋ ብለው ይዩት።

3. ከግቢው ሳይወጡ ባለ አምስት ክፍሏን ቤት ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1936 የያኔው የቻይና መሪ ቺያንግ ካይሼክ ከዚህ በሌሊት ልብሱ ወደ ተራራው ሸሽቶ፣ ከጃፓን ጋር እንዲዋጋ በሚያስገድዱት የራሱ ጄኔራሎች ወታደሮች ተያዘ። በመስኮቶቹ ላይ የጥይት ቀዳዳ ይታያል።

4. አሁን በእግርዎ ይውጡ። ቺያንግ ተደብቆ የተያዘበትን ስፍራ የሚያስታውሰው ድንኳን መሰል ሕንፃ መንገድ ላይ ነው። ከፍ ሲሉ የዳኦ እምነት መሥራች ለሚባለው ለላኦዚ የተሠራውን ቤተ መቅደስ ያገኛሉ፤ በውስጡ የነበረው ነጭ የእምነበረድ ሐውልት ዛሬ በሺአን ከተማ በቤይሊን ሙዚየም ይገኛል። ቀጥሎ የእናት አምላኳ ቤተ መቅደስ አለ። ምእመናኑ ኑዋ ይሏታል፤ ሰማይ በተቀደደ ጊዜ አምስት ቀለም ያላቸውን ድንጋዮች አቅልጣ የጣፈችው እርሷ ናት። እዚህ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ዕጣን የሚያጨሱት ሰዎች ለጸሎት እንጂ ለካሜራ አልመጡም።

5. ከጫፉ ላይ የእሳት ምልክት ማማው ይጠብቅዎታል። ዩ የተባለው የጥንቱ የዡ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ፈገግታ የማይታይባትን ውዱን ባኦ ሲን ለማሳቅ ጠላት ሳይመጣ እሳት አስነድዶ መኳንንቱን አስሮጠ ይባላል፤ እውነተኛው ጠላት ሲመጣ ግን የደረሰለት አልነበረም። የውሸታሙ እረኛ ተረት ነው፣ በንጉሥ ወግ። ንጉሡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ771 መገደሉ ታሪክ ነው፤ የእሳቱን ቀልድ ግን ምሁራን ይጠራጠሩታል። ማማውም ዘግይቶ የተሠራ ነው።

6. ኬብል ካሩን ለመውረጃ ያቆዩት። የሊሻን ጀንበር መጥለቂያ በአካባቢው ከታወቁ ስምንት ውብ እይታዎች አንዱ ነውና ማምሸት ያጓጓል፤ የመጨረሻው ጉዞ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠዋት ሳይወጡ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ደረጃውን በጨለማ ይወርዱታል።