ከድሬዳዋ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የጉዞ ሰዓት ሲሰላ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አሜሪካ የሚሄድ ሰው ባለበት ቤት ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ነው። ብዙ ሰው መልሱን ስልኩ ላይ ካለ የርቀት ማስያ ይፈልጋል፤ ስህተቱም ከዚያው ይጀምራል።

ማስያው ከድሬዳዋ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፤ በምድር ላይ የሚሰመረው አጭሩ መስመር ይህ ነው። በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ተብሎ ሲካፈል 14 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያ መስመር ግን በቀጥታ የሚወስድ የመንገደኛ በረራ የለም። መንገደኛው መጀመሪያ 340 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ቦሌ ይወርዳል። ይህችው አጭር በረራ በማስያው ስሌት 24 ደቂቃ ናት፤ ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ትይዛለች፤ መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙና ዝቅ ማለቱ ጊዜ ይበላል።

መሄጃውንና መመለሻውን እኩል አድርጎ ማሰብም ያሳስታል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው ለዚህ ነው። ሲመለስ ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳና ነፋሱም ከኋላው ስለሚሆን ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ሰው በረራ የሚያመልጠው ግን ከሁሉ በላይ በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ «ቅዳሜ 00:40» ተጽፎ እንደሆነ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40 ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት ከድሬዳዋ የሚነሳ ሰው ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ሰዓት ሆኖታል። እናትና አባትን የምትሸኙ ልጆች፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ስጧቸው። የቀን መቁጠሪያውንም አትርሱ፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ግን 12 ይሆናል።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው መሆኑም ይዘነጋል። ከቦሌ ማታ 4:00 ተነስቶ በማግስቱ የዋሽንግተን ጠዋት 2:00 የሚደርስ በረራ 10 ሰዓት የፈጀ ይመስላል። በክረምታቸው፣ ማለትም በአሜሪካ የብርድ ወራት፣ የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ ጉዞው 18 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ልዩነቱ 7 ስለሚሆን 17።

የሐረር ሰው ደግሞ ድሬዳዋ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ይጨምር። ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፣ ግን የደንገጎ ጥምዝምዝ ላይ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ መፍጠን አይታሰብም።

የድሬዳዋውንና የዋሽንግተኑን በረራ ለየብቻ መግዛትም አይበጅም። በአንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ ሌላ በረራ የሚፈልገው አየር መንገዱ ነው። በሁለት ትኬት ከሆነ ግን ወጪው መንገደኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ሻንጣውንም ቦሌ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርበት ይችላል።