ፖዳችሁ የማያስፈልገውን ቁልፍ ይዞ አይዙር

ኩበርኔተስ (አፖችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስኬድና የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ፖድ (አፑ የሚሠራበትን ኮንቴይነር የሚይዘው ክፍል) ስትፈጥሩ ዝም ካላችሁት ኩበርኔተስ በራሱ ፈቃድ የሰርቪስ አካውንት ቶከን፣ ማለትም አፑ ማንነቱን የሚያሳይበትን ቁልፍ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያስቀምጣል። አብዛኛው አፕ ደግሞ ከክላስተሩ (ኩበርኔተስ ከሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ስብስብ) ኤፒአይ፣ ማለትም ትዕዛዝ ከሚቀበልበት በር፣ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ተራ ዌብሳይት ይህን ቶከን ምን ያደርግለታል? ግን አንድ ሰው በአፑ ክፍተት ሾልኮ ከገባ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱኑ ነው፣ በተለይ ከዕለታት አንድ ቀን የሆነ ሰው ቸኩሎ ለዲፎልት አካውንቱ (ፖዱ ሌላ ካልተሰጠው ለሚጠቀምበት) የአድሚን ሥልጣን ሰጥቶት ከረሳው (ይህ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል) ክላስተሩ በሙሉ እጁ ገባ ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ፖዱ ወይም ሰርቪስ አካውንቱ ላይ «አውቶማውንት ሰርቪስ አካውንት ቶከን» የሚለውን ፎልስ አድርጉት። ሁለቱ ላይ የተለያየ ከጻፋችሁ የሚያሸንፈው የፖዱ ነው፣ ይህን ልብ በሉ። ኤፒአዩን የግድ ለሚፈልግ አፕ የራሱን አካውንት ፍጠሩለት፤ ፖድ ዝርዝር ማንበብ ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ያንኑ ብቻ ፍቀዱለት፣ በኮከብ ምልክት ሁሉንም መፍቀድ ይቅርባችሁ።

አንድ አካውንት ያለውን ፈቃድ ለማየት የኩብሲቲኤል (የኩበርኔተስ ትዕዛዝ መስጫ መሣሪያ) «አውዝ ካን-አይ» ትዕዛዝን ከሊስት አማራጭ ጋር በአካውንቱ ስም አስኪዱት። ዝርዝሩ ውስጥ ሴክሬት (የይለፍ ቃልና መሰል ምስጢር የሚቀመጥበትን) ማንበብ ካያችሁ ቶሎ አጣሩ፤ ሴክሬት በቤዝ64 (ዳታን በሌሎች ፊደላት መጻፊያ ዘዴ) ስለተጻፈ ብቻ የተመሰጠረ እንዳይመስላችሁ፣ ማንም በሰከንድ ይፈታዋል።

ስትቀይሩ በመጀመሪያ መሞከሪያው ክላስተር ላይ ይሁን፤ ቶከኑን በድብቅ የሚጠቀም አፕ ካለ ወዲያው መጮህ ይጀምራል።