ቤታ ለጠየቀ ሰው ብቻ፦ ገና ያልረጋ ላይብረሪ በኤንፒኤም ስታወጡ

ለሪአክት (የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ) የምሠራው የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች በፕሮግራማቸው የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ አለኝ። የማወጣው በኤንፒኤም፣ በጃቫስክሪፕት ኮድ ማከፋፈያው ነው። ጳጉሜን አንዴ 5፣ አንዴ 6 ቀን ስለምትሆን ስሌቱ በተነካካ ቁጥር የሆነ ነገር መሰበሩ አይቀርም። ስለዚህ አዲሱን ሥራ መጀመሪያ በቤታ (በሙከራ ቅጂ) ነው የማወጣው። ልሞክር ላለ ሰው ብቻ ይድረስ።

የቨርዥኑን ቁጥር 1.0.0-ቤታ.1 ብላችሁ ጻፉ። ነጥቧን አትርሱ! በነጥብ ከተለየ ቤታ.10 ከቤታ.2 በኋላ ይመጣል። «ቤታ10» ብላችሁ ካያያዛችሁት ግን የሚወዳደረው እንደ ፊደል ነው፤ ከ«ቤታ2» ያንሳል።

ስታወጡ «--ታግ ቤታ» ጨምሩ፤ ታግ ቅጂው የሚጠራበት መለያ ስም ነው። ታግ ከሌለው የቆዩት የኤንፒኤም ቨርዥኖች ቤታውን «ሌተስት» (ቁጥር ሳይጠቅስ ለሚጭን ሰው የሚደርሰው ቅጂ) ያደርጉታል። ያኔ ዝም ብሎ ኢንስቶል ያደረገ ሁሉ ሳያውቅ ቤታ ይጭናል። ኤንፒኤም 11 እምቢ ይላል፤ ተገላገልን። ቀድማችሁ «ኤንፒኤም ፓክ --ድራይ-ረን» በሉና የሚላኩትን ፋይሎች እዩ፤ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል አብሮ እንዳይሄድ። ብትሰርዙት እንኳ ያንን ቁጥር ደግማችሁ መጠቀም አትችሉም።

ራስ ምታቱ ዲፔንደንሲ (ላይብረሪያችሁ የሚደገፍበት ሌላ ኮድ) ላይ ነው። ሪአክትን ተራ ዲፔንደንሲ ካደረጋችሁት ተጠቃሚው ፕሮጀክት ውስጥ ሁለት ሪአክት ሊገባ ይችላል፤ ሁኮቹ (የሪአክት ልዩ ፋንክሽኖች) ይበላሻሉ። ቦታው ፒር ዲፔንደንሲ ነው፤ ማለትም ላይብረሪው የተጠቃሚውን ሪአክት ይጋራል። እዚያም ወጥመድ አለ። «^19.0.0» (ከ19.0.0 ጀምሮ ከ20 በታች) ብትሉ 19.0.0-አርሲ (ከዋናው በፊት የሚወጣ የሙከራ ቅጂ) አይገባበትም፤ አርሲ የሚቆጠረው ከ19.0.0 በፊት ነዋ። ከኤንፒኤም 7 ወዲህ እንዲህ ያለ ግጭት ኢንስቶሉን ያስቆማል። ሰው ወዲያው «--ሌጋሲ-ፒር-ዴፕስ» (የፒር ግጭቱን ችላ በል) ይልና ያልፋል። ስህተቱ ከስክሪኑ ጠፋ እንጂ ግጭቱ እዚያው ነው። እኔ አርሲውን ራሴ ከሞከርኩት ብቻ በ«||» («ወይም» ማለት ነው) ለይቼ እጨምረዋለሁ።

ተጠቃሚዎቻችሁንም አስጠንቅቁ። «^1.0.0-ቤታ.2» ብሎ የጻፈ ሰው ቤታ.3ንም፣ ኋላ የሚወጣውን 1.0.0ንም ይቀበላል። በመሀል የአንድ ፋንክሽን ስም ከቀየራችሁ ኮዱ ይሰበርበታል። ሪድሚው (የላይብረሪው መግለጫ ፋይል) አናት ላይ በ«--ሴቭ-ኤግዛክት» ጫኑ ብላችሁ ጻፉ፤ ያንኑ ቁጥር ብቻ ያስይዛል። በ0 የሚጀምር ቁጥር በዚህ በኩል ይሻላል፦ «^0.4.1» 0.5.0ን አያስገባም። የሚሰብር ለውጥ ሲኖር የመሀሉን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው።

የተበላሸ ቤታ ከወጣ ለመሰረዝ አትሩጡ። ቀጣዩን አውጡና አሮጌውን «ዴፕሪኬት» አድርጉት፤ የሚጭነው ሰው ማስጠንቀቂያ ያያል። መልእክቱም አጭር ይሁን፦ «ጳጉሜን 6ን ይዘላል፤ ወደ ቤታ.4 እለፉ» ይበቃል።